የፖስታ ቤት ሥራቸውን ለዳኝነት የለወጡት ኤሜት አሽፎርድ

በአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ውድድር በዳኝነት በመሠማራት የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ የሆኑት ኤሜት አሽፎርድ እ.ኤ.አ. በ1914 በሎስ አንጀለስ ከተማ ተወለዱ። ለረጅም ዓመታት በፖስታ ቤት ሠራተኝነት ያገለገሉ ሲሆን፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ የትምህርት ቤቶችንና የኮሌጆችን ግጥሚያዎች ይዳኙ ነበር።

በ1951 ከመሥሪያ ቤታቸው ፈቃድ ወስደው በአንድ አነስተኛ ሊግ በሙከራ ዳኙ። ሊጉ በቋሚነት ሲፈልጋቸው የመንግሥት ሥራቸውንና የጡረታ ዋስትናቸውን ትተው ሙሉ በሙሉ ወደ ዳኝነት ገቡ።

ከ1954 ጀምሮ ለ12 ዓመታት በፓስፊክ ኮስት ሊግ አገልግለዋል። ጃኪ ሮቢንሰን በ1947 የዘር ክልከላውን ሰብሮ ለጥቁር ተጫዋቾች መንገድ ቢከፍትም፣ የዳኝነቱ በር ግን ለተጨማሪ 19 ዓመታት ሳይከፈት ቆይቷል።

አሽፎርድ ኤፕሪል 11 ቀን 1966 በዋሽንግተን የመጀመሪያውን የአሜሪካን ሊግ ጨዋታ ሲዳኙ ዕድሜያቸው 51 ዓመት ነበር። የሊጉ ዳኞች የጡረታ ዕድሜ 55 በመሆኑ የቀራቸው ጊዜ አጭር ነበር። በአለባበሳቸው ጥራት፣ በጎላ ድምፃቸውና በፈጣን እንቅስቃሴያቸው የተመልካችን ፍቅር ሲያተርፉ፣ ትዕይንት ያበዛሉ በሚል የሚነቅፏቸውም ነበሩ።

በ1967 የኮከቦች ግጥሚያን፣ በ1970 ደግሞ በቴሌቪዥን የተላለፈውን የወርልድ ሲሪስ የፍጻሜ ውድድር ከዳኙት መካከል ነበሩ። በዚያው ዓመት ጡረታ ወጥተው በ1980 በ65 ዓመታቸው ያረፉት አሽፎርድ፣ በከፍተኛው ሊግ የዳኙባቸው ዓመታት አምስት ብቻ ቢሆኑም ከእርሳቸው በኋላ ለመጡ ጥቁር ዳኞች በሩን ከፍተው አልፈዋል።