የሪዋቁ ልጅ፦ ሸይኽ ዐብዱረሕማን አልጀበርቲ



የዐረብ ጸሐፊዎች የእኛን የይፋትን ምድር ጀበርት ይሉት ነበር። ከዚህና ከዘይላዕ አካባቢ ለዒልም ካይሮ የገባ ደረሳም ጀበርቲ ይባላል። በአዝሀር መስጊድ ለእነዚህ ደረሶች ሪዋቀል ጀበርት የሚባል የራሳቸው ማደሪያ ነበራቸው። ዛሬ ዶርም እንደምንለው ነው፤ ልዩነቱ ቂርአቱም እዚያው መሆኑ ነው።

ታላቁ የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ ሸይኽ ዐብዱረሕማን አልጀበርቲ የዚህ ሪዋቅ ልጅ ናቸው። ሰባተኛው አያታቸው፣ እሳቸውም ዐብዱረሕማን የሚባሉ፣ ከጀበርት ተነስተው ግብፅ ገቡና የሪዋቁ ሸይኽ ሆኑ። ኃላፊነቱም ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ወረደ።

አባታቸው ሸይኽ ሐሰን በጨቅላነታቸው የቲም ሆነው በሴት አያታቸው እጅ ያደጉ ናቸው። የሐነፊ ፊቅህ ዓሊም ሆነው ሳለ በሒሳብና በዒልመል ፈለክም ስማቸው የገነነ ነበር። ከአውሮፓ ሳይቀር ተማሪዎች መጥተው ጂኦሜትሪ እንደቀሩባቸው ልጃቸው ጽፈዋል። ኪታቦቻቸውን ለደረሳ ያውሱ ነበር፤ ሳይመለሱ የቀሩም አሉ (ይህ በእኛም ዘንድ ያለ ነው)።

ሸይኽ ዐብዱረሕማን እ.ኤ.አ. በ1753 ካይሮ ተወለዱ። አባታቸው ከ40 በላይ ልጆች ወልደው በሕይወት የቀሩላቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ቁርኣንን በ11 ዓመታቸው ሐፈዙ፤ ቀጥሎም በአዝሀር ቀሩ። ይሁን እንጂ የታሪክ ሰው ያደረጋቸው በእኔ ግምት ከአዝሀር ይልቅ የአባታቸው ቤት ነው። ዑለማው፣ አሚሩ፣ የእጅ ባለሙያው ሁሉ እዚያ ይገባል፤ ልጁም ከጎን ተቀምጦ የሽማግሌዎቹን ወሬ ይሰማል።

አባታቸው በ1774 ሲሞቱ 21 ዓመታቸው ነበር። በኋላ የታጅ አልዐሩስ ባለቤት ሸይኽ ሙርተዳ አዝዘቢዲ የዘመኑን ዑለማ ታሪክ እንዲሰበስቡላቸው ጠየቋቸው። እሳቸውም ከመቃብር ድንጋይና ከወቅፍ መዝገብ እየቀዱ፣ አዛውንት እየጠየቁ ስም መልቀም ጀመሩ። በ1791 አዝዘቢዲ በወረርሽኝ ሞቱ፤ ሥራው ለጥቂት ጊዜ ተቋረጠ። ከዚያ ወረቀቶቹን እንደገና አነሱ።

ዐጃኢበል አሳር የተባለው ትልቁ ኪታባቸው የመጣው ከእነዚያ ወረቀቶች ነው። የናፖሊዮን ጦር በ1798 ግብፅ መግባቱን የዓይን ምስክር ሆነው የጻፉትም እዚሁ ኪታብ ውስጥ ነው። አባታቸውም አሉበት፤ ከጀበርት የወጡት ሰባተኛ አያትም በስማቸው አሉ።