ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፤ በባዕድ አገር ተምረው ለአገር የተረፉ

ከካዛንቺስ አጠገብ፣ ዛሬ የቂርቆስ ክፍለ ከተማ በሚባለው ክልል ውስጥ፣ የአፍሪካ አዳራሽ ይገኛል። ከግንቦት 7 እስከ 17 ቀን 1953 ዓ.ም. ዩኔስኮና የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ባሰናዱት ጉባኤ የአፍሪካ መንግሥታት መልእክተኞች በአዲስ አበባ ተሰብስበው ስለ ትምህርት መስፋፋት መከሩ። በ20 ዓመት ውስጥ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ለሕፃናት ሁሉ እንዲዳረስ አቀዱ፤ ለዚሁም የውጭ እርዳታ እንዲሰጣቸው ጠየቁ። ነገር ግን ትምህርቱና መጽሐፉ ከአፍሪካ ሰው ኑሮ ጋር የተስማማ መሆን እንደሚገባው አሳሰቡ። ይህ ሐሳብ ለአገራችን እንግዳ አልነበረም። ከጉባኤው 8 ዓመት ያህል ቀደም ብለው ያረፉት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በሥራቸው ሞክረውታልና፣ የሕይወታቸውን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

ሐኪም ወርቅነህ የተወለዱት በጎንደር ነው። በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሲወድቁ እሳቸው ገና የ3 ዓመት ያህል ሕፃን ነበሩ። ከቤተ ሰባቸው ተለይተው ስለ ተገኙ ኮሎኔል ቻምበርሊን የተባለ የእንግሊዝ መኮንን ወደ ህንድ አገር ወሰዳቸው። እርሱ ሲሞት ኮሎኔል ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን የትምህርታቸውን ወጪ ቻለ። በዚህም ምክንያት ቻርልስ ማርቲን ተብለው አደጉ። በላሆር ሕክምና ተምረው፣ በስኮትላንድም ትምህርታቸውን አሻሽለው፣ በበርማ በእንግሊዝ መንግሥት ሥራ ገቡ።

የዓድዋ ድል ዝና በዓለም ሲሰማ ግን አገራቸውን የማየት ናፍቆት አደረባቸው። በ1892 ዓ.ም. ግድም አዲስ አበባ ሲደርሱ አማርኛን ረስተው ነበር። ዘመዶቻቸው በልጅነት ከቀረ ጠባሳ እንደ ለዩአቸው ይነገራል። ከዚያም በኋላ በአገራቸውና በእንግሊዝ መንግሥት ሥራ መካከል ሲመላለሱ ቆይተው፣ ጡረታ በወጡ ጊዜ በ1911 ዓ.ም. ግድም ለዘለቄታው ተመለሱ።

አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን በስማቸው ያሠሩት ትምህርት ቤት ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም. ሲከፈት የበላይ ተቆጣጣሪ ሆነው የተሾሙት ሐኪም ወርቅነህ ናቸው። በዚያን ጊዜ ለአዲሱ ትምህርት የሚበቃ ኢትዮጵያዊ መምህር እጅግ ጥቂት ስለ ነበረ ከውጭ አገር ሰው ማምጣት ግዴታ ነበር፤ ትምህርቱም በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ይሰጥ ነበር። ሐኪም ወርቅነህ ራሳቸው የባዕድ ትምህርት ፍሬ ስለ ነበሩ ጥቅሙን አልናቁም። ጉድለቱ የት ላይ እንደ ሆነም አልሳቱም። በ1920 ዓ.ም. የዓለምን ጂኦግራፊ በአማርኛ ጽፈው ማሳተማቸው ለዚህ ምስክር ነው። በልጅነቱ ቋንቋውን ያጣ ሰው በሸመገለ ጊዜ ለአገሩ ልጆች በቋንቋቸው መጽሐፍ ማዘጋጀቱ ቀላል ነገር አይደለም።

በዚያው ዓመት ስለ ጣና ግድብ ጉዳይ ወደ አሜሪካ ተልከው ሳለ፣ በኒውዮርክ ሀርለም የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋበዙ። በኋላም የጨርጨር ገዥ፣ ከዚያም በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆኑ።

ከዚህ ቀጥሎ የምንናገረው መራራ ነው። በእንግሊዝ አገር ምህንድስና የተማሩት ሁለት ልጆቻቸው፣ ዮሴፍና ቢንያም፣ ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በፋሺስቶች እጅ ተገደሉ። አባታቸው በባሕር ማዶ ሆነው ስለ አገራቸው ሲከራከሩ፣ አገሪቱ በብዙ ድካም ካስተማረቻቸው ጥቂት ወጣቶች ብዙዎቹ እንደዚሁ ጠፉ። በዚያው በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ለገዛ ሹማምንቶቻቸው መኖሪያ ቤት ሠሩ። ካዛንቺስ የሚለው ስም የተገኘው ቤቶቹን ካሠራው የኢጣልያ መሥሪያ ቤት ስም ነው። በ2017 ዓ.ም. የሰፈሩ ብዙ ቤቶች ፈርሰው መልኩ ተለውጧል፤ ስሙ ግን የባዕድ ሥራ ሁሉ ለአገሬው ታስቦ እንደማይሠራ ያስታውሰናል።

ሐኪም ወርቅነህ ከነፃነት በኋላ ተመልሰው በ1945 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አረፉ። ትምህርት ቤቶች እንደገና ሲከፈቱ የመምህር እጥረት ዋና ችግር ሆነ፤ መምህር ሊሆኑ ይችሉ የነበሩት አልቀዋልና። ስለዚህ በመስከረም 1955 ዓ.ም. ወደ 300 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባሎች መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ አስተማሩ። የእነርሱ አገልግሎት ለ2 ዓመት ነበር፤ 2 ዓመቱ ሲያልቅ ክፍሉን ማን ይረከብ? ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በገጠር እንዲያገለግሉ መደረጉ፣ አብዛኞቹም መምህር መሆናቸው፣ ለዚህ ጥያቄ ከአገር ውስጥ የተሰጠ አንድ መልስ ነበር።

ከሐኪም ወርቅነህ ሕይወት ወጣቶች ተማሪዎችና ሹማምንት የሚማሩት ይህን ይመስለናል። የውጭ እርዳታ የሚናቅ አይደለም፤ እርሱ ባይኖር ሐኪም ወርቅነህ እራሳቸው ባልተማሩ ነበር። ነገር ግን የእርዳታ ውል በጠረጴዛችን ላይ ሲቀርብ ከገንዘቡ ብዛት አስቀድመን የምንመረምረው ነገር አለ። መጽሐፉ ልጁ በሚያውቀው ቋንቋ ተጽፎአልን? ከእንግዳው መምህር አጠገብ የሚሠለጥን የአገር ልጅ ተመድቦአልን? እንግዳው ሻንጣውን አንሥቶ ሲሄድ ሥራው በማን እጅ ይቀራል? እነዚህን ሳይመረምር የሚፈርም ሹም ለአገሩ ያተረፈው ጥቂት ነው።