ፋራዴይና ደብተሩ

እንግሊዛዊው የሳይንስ ሊቅ ማይክል ፋራዴይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1791 ዓ.ም. ለንደን አጠገብ ተወለደ። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ ጤና ያጣ አንጥረኛ ስለ ነበረ የቤተሰቡ ኑሮ ከእጅ ወደ አፍ ነበር። ማይክልም በትምህርት ቤት የቀሰመው ማንበብን፣ መጻፍንና ጥቂት ሒሳብን ብቻ ነው። በ14 ዓመቱ ሙያ ሊለምድ ከአንድ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ገብቶ ሰባት ዓመት ቆየ።

ለጥረዛ የሚመጡትን መጻሕፍት ከሥራ በኋላ ያነባቸው ነበር። ከእነርሱም መካከል ጄን ማርሴት የጻፈችው የኬሚስትሪ መጽሐፍ ይገኝበታል። ይሁን እንጂ ያነበበውን ሁሉ እንዲሁ አምኖ አይቀበልም፤ ዐቅሙ የፈቀደለትን ሙከራ በገዛ እጁ እየሠራ ያረጋግጥ ነበር። ከ1810 ጀምሮ ደግሞ የምሽት የሳይንስ ትምህርት ተከታተለ። የእያንዳንዱን ምሽት መግቢያ አንድ ሽልንግ የከፈለለት አንጥረኛው ታላቅ ወንድሙ ነው።

በ1812 ከደንበኞቹ አንዱ በሮያል ኢንስቲትዩሽን የሚሰጡ አራት የሃምፍሪ ዴቪ ትምህርቶችን መግቢያ ትኬት ሰጠው። ዴቪ በዘመኑ ስመ ጥር ኬሚስት ነበር። ፋራዴይ የአዘገቡን ዘዴ ቀደም ሲል በምሽቱ ትምህርት ተለማምዶት ነበር፤ በአዳራሹ ውስጥ ዋና ዋናዎቹን ቃላት ብቻ ይጽፋል፤ ቤቱ ሲገባ አስፋፍቶ፣ የመሣሪያዎቹንም ሥዕል ጨምሮ በንጹሕ ይገለብጣል። ተማሪዎች ልብ በሉ፤ ይህን እንዲያደርግ ያዘዘው መምህር፣ የሚጠብቀውም ፈተና አልነበረም። ጽሑፉ ወደ 300 ገጽ ሲደርስ ራሱ ጠረዘው።

የሙያ ልምምዱ ዘመን ቢያበቃም ልቡ ከጥረዛ ይልቅ ወደ ሳይንስ አዘነበለ። ለአንድ ታላቅ የሳይንስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሥራ እንዲሰጠው ጽፎ መልስ አላገኘም። ቀጥሎም የጠረዘውን ማስታወሻ ለዴቪ ላከ። ዴቪ በደግነት ቢያነጋግረውም ክፍት ቦታ ስላልነበረ ሙያውን እንዳይተው መከረው። ሆኖም ጥቂት ወራት ሳይቆይ አንድ ረዳት ተጣልቶ ከሥራ ሲሰናበት ዴቪ ያንን ጠራዥ አስታወሰ። በመጋቢት 1813 ፋራዴይ በቤተ ሙከራው ረዳት ሆኖ ተቀጠረ።

ሁለት ድክመቶች ነበሩበት፤ ከፍተኛ ሒሳብ አያውቅም፤ የማስታወስ ችሎታውም ደካማ ነበር። ሁለተኛውን በደብተር አሸነፈው። ማግኔት ኤሌክትሪክን ያስገኝ እንደ ሆነ ለማወቅ በ1825 ሞክሮ ሳይሳካለት ሲቀር ያንኑ መዘገበ። ነሐሴ 29 ቀን 1831 በአንድ የብረት ቀለበት ላይ ሁለት የሽቦ ጥቅሎችን ለየብቻ ጠመጠመ፤ አንዱን ከባትሪ ጋር ሲያገናኝ በሌላው ጥቅል ሽቦ አጠገብ የተቀመጠችው የማግኔት መርፌ ተንቀሳቀሰች፤ ወዲያውም ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ግንኙነቱን ሲያቋርጠው እንደገና ተንቀሳቀሰች። ኤሌክትሪኩ ሳይቋረጥ ሲፈስስ ግን መርፌዋ ዝም አለች። ቸኩሎ ያየ ሰው ሙከራው ከሸፈ ብሎ ይተወው ነበር። እርሱ ግን ምስጢሩ ያለው በለውጡ ቅጽበት መሆኑን ተረዳ። የዛሬዎቹ ጄኔሬተሮችና ትራንስፎርመሮች የሚሠሩት በዚሁ መሠረተ ሐሳብ ነው። ያልቻለውን የሒሳብ ሥራ ኋላ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ፈጸመለት።

ፋራዴይ በ1867 አረፈ። አንቀጾቹን እየቆጠረ የጻፈው የሙከራ መዝገብ ቁጥሩ ከ16,000 በላይ ደርሶ ነበር፤ ከ1932 እስከ 1936 ባሉት ዓመታትም በሰባት ቅጾች ታትሞ ወጣ። ያልተሳኩት ሙከራዎችም ከተሳኩት ጋር በየተራቸው ሰፍረውበታል።