ዒላማውን የማይስት መድኀኒት የፈለገው ሐኪም

በሰሜን ደጋ አድጎ ኮሶን የማያውቅ ሰው የለም። ዛፉ ከደባርቅ በላይ ባለው ደን ይበቅላል፤ የሴቴው አበባ ቀልቶ ሲንጠለጠል ተለቅሞ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ በውሃ ተበጥብጦም በማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል። የሚጠጣው የኮሶ ትልን ለማስወጣት ነው። ነገር ግን ኮሶ የሚያስጨንቀው ትሉን ብቻ አይደለም፤ ጠጪውንም ያንገሸግሸዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ቀኑን ሙሉ ጉልበቱን ይሰብረዋል። መጠኑ የበዛበት ሰው የዓይኑን ብርሃን ያጣበት፣ ከዚያም አልፎ የሞተበት ጊዜ አለ። እናቶቻችን ይህን ስለሚያውቁ ሲለኩ እጃቸው ይጠነቀቅ ነበር። መርዙ የታሰበው ለትሉ ነው፤ ወደ ትሉ የሚደርሰው ግን በሰውየው በኩል ነው።

ይህንኑ ችግር ይዞ፣ በሽታውን መትቶ በሽተኛውን የማይነካ መድኀኒት ይገኝ እንደሆነ ዕድሜውን ሙሉ የመረመረ ሰው ነበር። ስሙ ፓውል ኤርሊኽ ይባላል። እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች በኬሚስትሪ ምን አገባን የሚል ጓደኛ ቢኖር፣ የዚህ ሰው ሥራ ከቤተ ሙከራው ይልቅ በሐሳቡ የሚበልጥ ስለ ሆነ እኛንም ያገባናል ብለን እንመልስለታለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ኤርሊኽ መጋቢት 14 ቀን 1854 ሽትሬለን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ከተማዋ በዚያን ጊዜ የፕሩስያ ነበረች፤ ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ትገኛለች። ወላጆቹ አይሁዳውያን ሲሆኑ አባቱ የእንግዳ ማረፊያና የመጠጥ ንግድ ነበረው። የሕይወቱን መንገድ ያሳየው ግን የእናቱ ወገን ዘመድ የሆነው ካርል ቫይገርት ነው። ዘመኑ በጀርመን አገር የቀለም ፋብሪካዎች እንደ እንጉዳይ የፈሉበት ዘመን ነበርና፣ ቫይገርት ጨርቅ የሚነከርበትን ቀለም ወስዶ የሰውነት ሕዋሳትን እየነከረ በማይክሮስኮፕ ይመለከት ነበር። ልጁ ኤርሊኽ ይህን አየ፤ ከዚያ በኋላ ቀለም ከእጁ አልተለየም።

በብሬስላው፣ በሽትራስቡርግ፣ በፍራይቡርግና በላይፕሲግ ተማረ። ለፈተና የሚጨነቅ ተማሪ አልነበረም። ታላቁ ሮበርት ኮኽ ብሬስላውን በጎበኘ ጊዜ፣ ቀለም በመንከር የሚተካከለው የሌለ፣ ፈተና ግን ከቶ የማያልፍ ልጅ ነው ተብሎ እንደ ተጠቆመለት ይተረካል። ይህን የጻፍነው የፈተና ወቅት ስለ ደረሰ ለመጽናናት አይደለም፤ ልጁ በ1878 ፈተናውን አልፎ በዶክተርነት ተመርቋልና። የመመረቂያ ጽሑፉም ስለ ቀለም ነበር።

ለመሆኑ በቀለም ውስጥ ምን አየ? አንድ ቀለም በሥጋ ቁራጭ ላይ ሲፈስ ሁሉን እኩል አይነክርም። አንዱን ሕዋስ ሰማያዊ ያደርገዋል፣ አጠገቡ ያለውን ሳይነካ ያልፈዋል። ሜቲሊን ብሉ የሚባለውን ቀለም በሕይወት ላለ እንስሳ ቢወጉት፣ ከአካሉ ሁሉ መርጦ ነርቩን ይይዛል። ይህን ሌሎችም አይተዋል፤ አይተውም ውበቱን አድንቀው አልፈዋል። ኤርሊኽ ግን ቆም ብሎ ጠየቀ፤ ቀለም ከብዙ ሺህ ሕዋሳት መካከል የራሱን መርጦ መያዝ ከቻለ፣ መርዝስ ስለ ምን አይችልም? በደም ውስጥ የሚዋኘውን ተሕዋስ ብቻ የሚይዝ ነገር ተገኝቶ መርዝ ቢታሰርበት፣ የሰውየው አካል ሳይነካ ተሕዋሱ ብቻ ይሞታል። መድኀኒት የማይያያዝበትን ነገር አይጎዳም የሚለው እምነቱ ከዚህ የመጣ ነው። ዒላማውን የማይስት አስማታዊ ጥይት እያለ የሚጠራውም ይህንኑ ነበር።

በ1882 ኮኽ የሳንባ ነቀርሳን ተሕዋስ ማግኘቱን ሲያስታውቅ፣ ኤርሊኽ ወዲያው ተሕዋሱን አጉልቶ የሚያሳይ የተሻለ አነካከር አበጀ። ብዙም ሳይቆይ ያንኑ ተሕዋስ በገዛ አክታው ውስጥ አገኘው። በ1888 ወደ ግብፅ ሄዶ፣ ከእኛ ተራራ በሚወርደው ውሃ ዳር ዐረፍ ብሎ በማግስቱ ዓመት ድኖ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ እንለፈው። በኮኽ ተቋም ገባ፤ ከቤሪንግ ጋር የዲፍቴሪያን መድኀኒት መለኪያ አስተካከለ፤ በጥቅም ክፍያ ምክንያትም ከቤሪንግ ጋር ተቀያየመ። በ1899 ወደ ፍራንክፈርት ተዛወረ። በ1908 ስለ በሽታ መከላከል በሠራው ሥራ ከሩሲያዊው ሜችኒኮቭ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ይበቃው ነበር፤ እኛን የሚያስደንቀን ግን ዝነኛው ሥራው ገና ከፊቱ መሆኑ ነው።

በ1906 የአንድ ባለጠጋ ሚስት የነበሩት ፍራንሲስካ ሽፓየር በሟች ባለቤታቸው ስም የምርምር ቤት አሠሩለት። በዚያ ቤት ኤርሊኽ በቀን ሃያ አምስት ያህል ሲጋር እያጨሰ፣ የሲጋሩን ሣጥን በብብቱ ሸጉጦ ይዘዋወር ነበር። የየቀኑን ትእዛዝ በባለ ቀለም ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፎ ለረዳቶቹ ያድል ነበር። የሚሠሩት ከአርሴኒክ ነው። አርሴኒክ ሰውን እንደሚገድል ሁሉም ያውቃል። ኬሚስቱ በርትሃይም የውሁዱን አንድ ጫፍ ይለውጣል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ በታመመ እንስሳ ላይ ይሞከራል፤ እንስሳው ከሞተ ሌላ ጫፍ ይለወጣል። ይህ ለዓመታት ቀጠለ።

በዚያን ጊዜ ኤውሮጳን ያስጨነቀው በሽታ ቂጥኝ ነበር። በአገራችንም ቂጥኝ የያዘው ሰው ወሸባ ገብቶ፣ ከሰው ተለይቶ መድኀኒት ይጠጣ እንደ ነበር ሽማግሌዎች ያወሱታል። የኤውሮጳ ሐኪሞች ደግሞ በሽተኛውን ሜርኩሪ ይቀቡትና ያጥኑት ነበር፤ ጥርሱ እየረገፈ ምራቁ እየተዝረበረበ፣ ከበሽታው ይሁን ከመድኀኒቱ እንደሚሞት ሳይታወቅ ያልፍ ነበር። የበሽታው ተሕዋስ በ1905 ታወቀ። በ1909 ሳሃቺሮ ሃታ የሚባል ጃፓናዊ ሐኪም ከኤርሊኽ ዘንድ መጣ፤ ሃታ ጥንቸልን ቂጥኝ ማስያዝ የሚያውቅ ሰው ነበር። ኤርሊኽ የተጣሉትን ውሁዶች ሁሉ እንደገና እንዲሞክር አዘዘው። ከእነዚህም አንዱ፣ ቁጥሩ 606 የሆነው፣ ከዚያ በፊት በሌላ ረዳት ተሞክሮ አይረባም ተብሎ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ነበር። ሃታ ወጋው፤ የጥንቸሎቹ ቁስል ዳነ።

በሚያዝያ 1910 ነገሩ በቪስባደን በተደረገው የሐኪሞች ጉባኤ ሲገለጽ ዓለም ተናወጠ። ኤርሊኽ መድኀኒቱ ከመሸጡ በፊት 65,000 ያህል መጠን ለሐኪሞች በነጻ አድሎ፣ ውጤቱን እንዲጽፉለት ጠየቀ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የሄክስት ፋብሪካ ሳልቫርሳን በሚል ስም ለገበያ አወጣው።

አሁን ወደ ጽሑፋችን ዋና ነገር ደረስን። ጥይቱ ተገኘ፤ ጠመንጃው ግን አልተገኘም። ሳልቫርሳን አየር ሲነካው ወደ ሌላ መርዝ ይለወጣል፤ ስለዚህ አየር በሌለበት በታሸገ የብርጭቆ ብልቃጥ ይቀመጥ ነበር። ሐኪሙ ብልቃጡን ሰብሮ፣ ዱቄቱን በውሃ አሟሙቶ፣ ኮምጣጤነቱን በሌላ ኬሚካል አስተካክሎ፣ ብዙ ፈሳሽ በደም ሥር ቀስ ብሎ ማስገባት ነበረበት። በዚያ ዘመን በደም ሥር መውጋት የለመደ ሐኪም ጥቂት ነው። ብዙዎች በጡንቻ ወይም በቆዳ ሥር ወጉት፤ የተወጋው ሥጋ በሰበሰ፣ በሽተኛውም በሥቃይ ጮኸ። በሌሎቹም ላይ አእምሮን የሚያስት ችግር ተነሣ፤ የሞቱም ነበሩ። ኤርሊኽ ስለ እያንዳንዱ ጉዳት ደብዳቤ እየጻፈ ምክንያቱን ይመረምር ጀመር። በ1912 በውሃ በቀላሉ የሚሟሟውን ቁጥር 914 አወጣ፤ ኀይሉ ከ606 ያነሰ ቢሆንም ለመውጋት የቀለለ ነበር።

ቢሆንም ጠላቶቹ አላረፉም። በ1914 በፍራንክፈርት አንድ የጋዜጣ ሰው፣ በከተማው ሆስፒታል በሴተኛ አዳሪዎች ላይ ሳልቫርሳን በግድ ይሞከርባቸዋል ብሎ በመጻፉ በስም ማጥፋት ተከሰሰ። ኤርሊኽ ቀርቦ መሰከረ፤ ጋዜጠኛው አንድ ዓመት ተፈረደበት። የኤርሊኽ ወዳጆች ይህን እንደ ድል ይቈጥሩታል፤ እኛ ግን እንደዚያ ለማለት ያስቸግረናል። ጋዜጠኛው ዋሽቶ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በፖሊስ ቍጥጥር ሥር ያለች አንዲት ድኻ ሴት ሐኪሙን እንቢ ለማለት ምን ያህል ነጻነት ነበራት የሚለው ጥያቄ በዚያ ፍርድ አልተመለሰም። መድኀኒቱ ዒላማውን ይመታል ማለት ታማሚው ፈቅዷል ማለት አይደለምና። በዚያው ዓመት የዓለም ጦርነት ተነሣ። የደከመው ኤርሊኽ ነሐሴ 20 ቀን 1915 በ61 ዓመቱ በባድ ሆምቡርግ ዐረፈ። ኋላ ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ በስሙ የተጠራውን መንገድ ስሙን ነጠቁት፤ ባለቤቱ ሄድቪግም አገሯን ትታ ተሰደደች።

የኤርሊኽ ሐሳብ ግን ወደ እኛ ተራራም ደርሷል። ከደባርቅ፣ ከዳባትና ከቡይት ራስ ግርጌ ካሉት መንደሮች ብዙ ወጣቶች ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ቆላ ይወርዳሉ። ሌሊት ከግራር ሥር ወይም ከተሰነጣጠቀው ዋልካ መሬት ላይ ሲተኙ የአሸዋ ዝንብ ትነድፋቸዋለች። ከወራት በኋላ ትኩሳት የማይለቀው፣ ሰውነቱ የከሳ፣ ጣፊያው ያበጠ ሰው ሆኖ ወደ ደጋ የሚመለስ አለ። በሽታው ካላ አዛር ይባላል፤ ካልታከመ ይገድላል።

የካላ አዛር ተሕዋስ ተንኮለኛ ነው። የሚደበቀው ጀርም እየዋጡ በሚያጠፉት በሰውነታችን ወታደር ሕዋሳት ውስጥ ነው፤ በጉበት፣ በጣፊያና በመቅኔ ውስጥ ይሰፍራል። ከ1915 አንሥቶ የተዋጉት በአንቲሞኒ ነው፤ አንቲሞኒ ደግሞ በኬሚስትሪ ሠንጠረዥ ከአርሴኒክ በአንድ ዓምድ የሚገኝ የሥጋ ዘመዱ ነው። በ1920ዎቹ ህንዳዊው ብራህማቻሪ በካልካታ አሻሻለው። በጎንደር የካላ አዛር ሕክምና ለብዙ ዓመታት የቆየው በዚሁ በአንቲሞኒ መርፌ ነው። መርፌው ብዙዎችን አድኗል፤ ልብንና ቆሽትን ግን ይጎዳል፤ ኤች አይ ቪ ያለበትን በሽተኛ ሲገድልም ታይቷል።

ለእነዚህ ደካሞች የመጣው ሌላው መንገድ አምፎቴሪሲን ነው። ይህ መድኀኒት ብቻውን ሲሰጥ ኩላሊትን ይጎዳል። በ1960ዎቹ እንግሊዛዊው አሌክ ባንግሃም ስብ በውሃ ውስጥ ራሱን አጥፎ ከዓይን የራቀች ረቂቅ ፊኛ እንደሚሆን አሳየ። አምፎቴሪሲንን በዚያች የስብ ፊኛ ጠቅልለው በደም ሥር ሲያስገቡት፣ ወታደር ሕዋሳቱ እንደ ጀርም ቈጥረው ይውጡታል። ጠላትም የተደበቀው በእነዚያው ሕዋሳት ሆድ ውስጥ ነውና መድኀኒቱ ቤቱ ድረስ ይገባለታል፤ ኩላሊትም አብዛኛውን ጉዳት ያመልጣል። ኤርሊኽ የፈለገው መርዙ ራሱ ዒላማውን እንዲመርጥ ነበር፤ እዚህ ግን መራጩ መርዙ ሳይሆን መጠቅለያው ነው። ጠመንጃው ይህ ነው ብንል የተጋነነ አይመስለንም።

ከዚህ ጋር የሚዛመድ ሌላም ነገር በመንደራችን አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ2009 ጀምሮ በሴቶች ክንድ ቆዳ ሥር የሚቀብሯት የክብሪት እንጨት የምታህል ዘንግ፣ መድኀኒቷን በጥቂት በጥቂቱ እየለቀቀች ሦስት ዓመት ትሠራለች። እኅቶቻችን ስሟን ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ።

የስብ ፊኛው መድኀኒት ግን ውድ ነው። ሙቀት ስለሚያበላሸው ከ25 ዲግሪ በታች መቀመጥ አለበት፤ ይህም ለመተማ ቆላ ቀላል አይደለም። ከ2011 ወዲህ የሚሠራው ኩባንያ በዓለም የጤና ድርጅት በኩል ካላ አዛር ላለባቸው አገሮች በልገሳ ሲሰጥ ቆይቷል። በጎንደር ሆስፒታል አልጋ ላይ የተኛው የዳባት ልጅ፣ ከላስቲኩ ከረጢት ቢጫው ፈሳሽ በጉሉኮስ መስመር ጠብ ጠብ ሲልለት የኤርሊኽን ስም አያውቅም። የሚጠይቀው የሰሊጡ አጨዳ ሳያልቅ ይድን እንደሆነ ነው።