ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና ራስን የመግዛት ትምህርት

ሕዝብን የሚያስተዳድር ሰው አስቀድሞ የራሱን ልብ ማስተዳደር ይገባዋል። ቍጣውንና ምኞቱን ያልገዛ ሹም፥ ለመጠበቂያ የተሰጠውን ሥልጣን መጥፊያ ያደርገዋል። ይህንንም ከጎጃሙ ንጉሥ ከተክለ ሃይማኖት ሕይወት እንመለከታለን።

የደጃዝማች ተሰማ ልጅ አዳል በራስነት ጎጃምን ሲገዙ ቆይተው፥ በ1873 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ የጎጃምና የከፋ ንጉሥ አድርገው አነገሡዋቸው፤ ስማቸውም ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተባለ። ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው መናገሻቸውም በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ደብረ ማርቆስ ተባለች።

ነገር ግን ከዘውዱ ጋር ፈተና መጣ። ከዓባይ ማዶ ያለውን አገርና ግብሩን የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ይሹት ነበርና፥ ሁለቱ ነገሥታት ግንቦት 30 ቀን 1874 ዓ.ም. በሆሮ ጉድሩ እምባቦ ላይ ተዋጉ። የጎጃም ሠራዊት ድል ሆነ፤ ንጉሡም ቈስለው ተማረኩ።

በዚያች ሰዓት አሸናፊው የፈለገውን ማድረግ ይችል ነበር። ምኒልክ ግን ምርኮኛውን አላዋረዱም፤ ቍስላቸውን አስታመሙ፥ በክብር ያዙ፥ በኋላም ለቀቋቸው። ተክለ ሃይማኖትም በፊናቸው ሽንፈታቸውን የዘለዓለም ቂም አላደረጉትም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከማረኳቸው ንጉሥ ጋር ተስማሙ።

ያ ስምምነት ግን በዐፄ ዮሐንስ ላይ ነበርና፥ ንጉሠ ነገሥቱ ተቈጥተው በ1881 ዓ.ም. ጎጃምን በሠራዊት ወረሩ። የነገሥታቱን ምክር ያልሰማ ገበሬ ከብቱንና እህሉን አጣ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በደረሰው ጥፋት ኋላ እንደ ተጸጸቱ ይነገራል፤ ጸጸት ግን የጠፋውን ጎተራ አይሞላም። የታላላቆች ቍጣ ዕዳው በታናናሾች ላይ እንደሚወድቅ ከዚህ እንማራለን።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የእምባቦው ምርኮኛ የጎጃምን ሠራዊት ይዘው ከምኒልክ ጎን ተሰለፉ። በእምባቦ የታከመው ቍስል በሰንሰለት ታስሮ ቢሆን ኖሮ፥ ያ ሠራዊት በዚያ ቀን በፈቃዱ ይመጣ ነበርን? ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በጥር ወር 1893 ዓ.ም. ዐረፉ።

እንግዲህ እኛም፥ ዳኛም ብንሆን፥ አለቃም ብንሆን፥ የቤት አባትም ብንሆን፥ በተቈጣንበት ቀን ፍርድ አንስጥ፤ ስንሸነፍ ጥፋታችንን አስቀድመን እንመርምር፤ ስናሸንፍም የተሸነፈውን ሰው ቍስል እንጠግን። ዛሬ የጠገንነው ሰው ነገ በጭንቃችን ቀን ከጎናችን ይቆማልና።