ቼ ጉቬራ፦ ትንፋሹን ሲያሳድድ የኖረው የአለርጂ ሐኪም

ፎቶግራፉን የማያውቀው ያለ አይመስልም። ኮከብ የተለጠፈበት ቆብ፣ የተንጨባረረ ጸጉር፣ ርቆ የሚያይ ዓይን። በካናቴራ ላይ ታትሟል፤ በየመኪናው መስታወት ላይ ተለጥፏል። በእኛም አገር በ1960ዎቹ የተማሪዎች ሰልፍ ላይ በሚዘመረው መዝሙር ስሙ ከሆ ቺ ሚን ጋር አብሮ ይነሳ ነበር። ይኸው ሰው ጠመንጃ ከማንሳቱ በፊት የአለርጂ ተመራማሪ እንደነበረና አስም ከሕፃንነቱ እስከ ሞቱ እንዳልተለየው የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው።

ኤርኔስቶ ጉቬራ እ.ኤ.አ. በ1928 በአርጀንቲና ሮሳሪዮ ከተማ ተወለደ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በግንቦት 1930፣ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ እናቱ ሴሊያ በቀዝቃዛ ቀን ለዋና ይዛው ወጣች። የዚያን ዕለት ልጁ ማሳልና ማቃተት ጀመረ። ወላጆቹ ብርድ ነው ብለው አሰቡ፤ ሐኪሞች ግን አስም መሆኑን ነገሯቸው። አባትየው ለዚያ ቀን ዋና ሚስቱን ሲወቅስ ኖሯል።

ቤተሰቡ ያልሞከረው ነገር የለም። የትራሱና የፍራሹ ውስጥ ተለወጠ፤ ምንጣፉና መጋረጃው ከመኝታ ክፍሉ ወጣ፤ የግድግዳው አቧራ ተጠረገ፤ የቤት እንስሳት ተባረሩ፤ ይህን ብላ፣ ያንን አትብላ ተባለ። በመጨረሻም አየሩ ደረቅ ነው ወደተባለው የኮርዶባ ተራሮች፣ አልታ ግራሲያ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ቤታቸውን ነቅለው ሄዱ። ልጁ ዘጠኝ ዓመት እስኪጠጋው ትምህርት ቤት አዘውትሮ መሄድ ስላልቻለ ፊደል ያስቆጠረችው እናቱ ናት። አልጋ ላይ በዋለባቸው ቀናት መጽሐፍ ያገላብጣል፤ ከአባቱ ጋር ቼዝ ይጫወታል። ሲሻለው ደግሞ እንደ እልኸኛ ይወጣል። በጉርምስናው ራግቢ ሲጫወት ትንፋሹ ሲያጥረው ከሜዳ ይወጣና መድኃኒቱን ስቦ ይመለስ ነበር።

ወላጆቹ በትራሱና በምንጣፉ ላይ የዘመቱት ያለ ምክንያት አልነበረም። አለርጂ የሚለውን ቃል የቪየናው የሕፃናት ሐኪም ክሌመንስ ፎን ፒርኬ የፈጠረው በ1906 ነው። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ የሰውነት መከላከያ ጉዳት የሌለውን ነገር፣ የቤት አቧራን፣ የአበባ ብናኝን፣ ሻጋታን ወይም የእንስሳትን ጸጉርና ፎረፎር፣ እንደ ጠላት ይቆጥረዋል። ይህ "ጠላት" በትንፋሽ ሲገባ ሰውነት ሂስታሚንና ሌሎች ኬሚካሎችን ይለቃል። የአየር ቧንቧው ግድግዳ ያብጣል፤ በዙሪያው ያለው ጡንቻ ይኮማተራል፤ ወፍራም አክታ ይሞላዋል። በሽተኛው አየር ለማስወጣት ይታገላል፤ ደረቱ ያፏጫል። ይህ ለዓመታት ሲመላለስ ቧንቧው በሁለት ጥቃቶች መካከልም ቢሆን እንደተቆጣ ይቆያል፤ ግድግዳው እየወፈረ ይሄዳል። ያኔ ብርድ፣ ጉንፋን፣ ጭስ ወይም ሩጫ ብቻውን ሊያስነሳው ይችላል። የአንድ ቀን አለርጂ የዕድሜ ልክ የሳንባ ሕመም የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ወጣቱ ኤርኔስቶ ይህን ምስጢር ለመፍታት የቆረጠ ይመስል ነበር። በቦነስ አይረስ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ሲማር ዶክተር ሳልቫዶር ፒሳኒ ወደሚባል የታወቀ የአለርጂ ሐኪም ዘንድ ለመታከም ሄደ፤ በዚያው ረዳት ተመራማሪ ሆኖ ቀረ። ፒሳኒ በተለይ ምግብ በሚያስከትለው አለርጂ ላይ ያተኮረ ሰው ነበር። ኤርኔስቶ በ1953 በሐኪምነት ተመርቆ አገሩን ለቀቀ። በሜክሲኮ ሲቲ ጠቅላላ ሆስፒታል በአለርጂ ክፍል ተቀጥሮ ሠርቷል፤ በከፊል የተፈጨ ምግብ በቆዳ ላይ እየተሞከረ አለርጂን ስለሚለይበት ዘዴ ያካሄደውን ጥናት በ1955 በሕክምና መጽሔት አሳትሟል። ዛሬ ምግብ ብቻውን የአስም ዋና ቀስቃሽ የሚሆነው አልፎ አልፎ እንደሆነና በአብዛኛው የሚበረታው በአየር የሚገባው ብናኝ እንደሆነ ይታወቃል።

በዚያው ዓመት ክረምት ከፊደል ካስትሮ ጋር ተዋወቀ። የአለርጂ ምርምሩም እዚያው ላይ አበቃ። በኅዳር 1956 ግራንማ በምትባል ጠባብ ጀልባ 82 ሰዎች ተጭነው ወደ ኩባ ሲጓዙ የቡድኑ ሐኪም እሱ ነበር፤ በባሕሩ ላይ ግን ሐኪሙን ራሱን አስም አሠቃየው። ኩባ በረገጡ በቀናት ውስጥ የባቲስታ ጦር አሌግሪያ ዴ ፒዮ ላይ ደረሰባቸው። በዚያ ትርምስ ከእግሩ ሥር የመድኃኒት ቦርሳና የጥይት ሳጥን ወድቀው አገኘ። ሁለቱን መሸከም አይችልም። ጥይቱን አንሥቶ መድኃኒቱን ትቶ ሮጠ። ሐኪምነቱ ያበቃው በዚያች ቅጽበት እንደሆነ ብዙ የሕይወት ታሪኩ ጸሐፊዎች ያምናሉ።

አስሙ ግን አልተወውም። በሴራ ማኤስትራ እርጥብ ጫካ ውስጥ መራመድ ተስኖት ጓደኛው በተኩስ መሐል እየተሳደበ ጎትቶ ያወጣው ጊዜ አለ። አድሬናሊን የሚያመጣለት ገበሬ እስኪመለስ ተኝቶ መጠበቅ ነበረበት። መድኃኒት ሲጠፋ የተራራው ሰዎች የሚያውቁትን ክላሪን የተባለ ቅጠል አድርቆ ያጨስ ነበር። በዚያ ላይ ሲጋር ለመደ። የአለርጂ ሐኪም ሆኖ የተቆጣ ሳንባውን በትምባሆ ጭስ ማጨሱ ከሕይወቱ ተቃርኖዎች አንዱ ነው።

በ1959 አብዮቱ ድል ሲያደርግ የላ ካባኛ ምሽግ አዛዥ ሆነ። በዚያ በአብዮታዊ ፍርድ ቤት ውሳኔ የተረሸኑት ሰዎች ጉዳይ እስከ ዛሬ ስሙን ያከራክራል። በዚያው ዓመት ሳንባው ታሞ ታራራ በተባለ የባሕር ዳርቻ ለማገገም ተገደደ። ከዚያ በኋላ የብሔራዊ ባንክ ፕሬዚዳንት፣ ቀጥሎም የኢንዱስትሪ ሚኒስትር ሆነ። ወንበሩ ግን አልያዘውም፤ በ1965 ኮንጎ፣ በ1966 መጨረሻ ቦሊቪያ ገባ።

በቦሊቪያ ጫካ አስም ክፉኛ ተነሳበት። መድኃኒቱ አልቆ ነበር። በሐምሌ 1967 ተዋጊዎቹ ሳማይፓታ የተባለችውን ከተማ ለጥቂት ሰዓት ያዙ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ለእሱ መድኃኒት ማግኘት ነበር። ከፋርማሲው ይዘው የመጡት ግን ለአስም የሚሆን አልነበረም። በነሐሴ የመንግሥት ጦር የተቀበሩ ጎተራዎቻቸውን ሲያገኝ ለእሱ ተብሎ የተቀመጠውም መድኃኒት አብሮ ተወሰደ። እግሩ አልሄድ ብሎት በፈረስና በበቅሎ ይጓዝ ጀመር፤ ቡድኑም ፍጥነቱን አጣ። በመስከረም 27 ቀን 1960 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ቆስሎ ተማረከ፤ በማግሥቱ ላ ኢጌራ በምትባል መንደር ተረሸነ። ዕድሜው 39 ነበር። አፅሙ በ1997 ተገኝቶ በኩባ ሳንታ ክላራ አረፈ።

ቼን ለሞት ያበቃው አስም ብቻ አይደለም፤ የቦሊቪያ ገበሬ አልተከተለውም፤ በአሜሪካ የሠለጠነ ጦርም ያሳድደው ነበር። ሆኖም በ1956 ጥይት መርጦ መድኃኒት የተወው ሐኪም ከ11 ዓመት በኋላ መድኃኒት ፍለጋ ከተማ እስከ መያዝ ደርሷል።

የሚያሳዝነው ጊዜው ነው። በአለርጂ ውስጥ ዋናውን ሥራ የሚሠራውን አይጂኢ የተባለ ፀረ እንግዳ አካል የጃፓን ተወላጆቹ ባልና ሚስት ኢሺዛካ በአሜሪካ፣ ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ በስዊድን የለዩት ልክ እሱ በቦሊቪያ ጫካ በነበረባቸው ዓመታት ነው። ሳልቡታሞል የተባለው የሚነፋ መድኃኒት ገበያ ላይ የዋለው በ1969፣ የቧንቧውን ቁጣ ከሥሩ የሚያበርደው የሚነፋ ስቴሮይድ በ1972 ነበር። ዛሬ አስም አይነቀልም፤ ግን ይገታል። ሲብስ ብቻ ፓፍ መንፋት ሳይሆን፣ የሚቀሰቅሰውን ነገር አውቆ መራቅና ሐኪም ያዘዘውን መከላከያ ሲሻልም አለማቋረጥ ነው ቁም ነገሩ። ቼ የመጀመሪያውን ክፍል ከማንም በላይ ያውቅ ነበር፤ ሁለተኛው ሲመጣ ግን እሱ አልነበረም።