ከልብስ ማጠቢያ ገንዳ የተነሡት እመቤት
የማዳም ሲ. ጄ. ዎከር የሕይወት ታሪክ

የዚህ የመታሰቢያ መጽሔት አዘጋጆች ከታላላቅ ሰዎች መካከል የአንዱን የሕይወት ታሪክ እንድናቀርብ በጠየቁን ጊዜ ከክፍል ጓደኞቻችን አብዛኞቹ ንጉሥ ወይም የጦር አለቃ መረጡ። እኛ ግን የመረጥነው በአሜሪካ አገር የሰው ልብስ እያጠበች ትተዳደር የነበረችን አንዲት ጥቁር ሴት ነው። ምርጫችን ያስገረመው አንባቢ ቢኖር እስከ መጨረሻው በትዕግሥት እንዲከተለን እንለምናለን። በጽሑፋችን የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሣራ ብሪድላቭ በዲሴምበር 23 ቀን 1867 በሉዊዚያና፣ ዴልታ በምትባል መንደር ተወለደች። አባቷ ኦወንና እናቷ ሚነርቫ በጥጥ እርሻ ላይ በባርነት ሲሠሩ የኖሩ ነበሩ። ከልጆቻቸው ሁሉ ነፃ ሆና ለመወለድ የመጀመሪያዪቱ ሣራ ናት። ነገር ግን ነፃነቱ እንጀራ ይዞ አልመጣም። በሰባት ዓመቷ እናትም አባትም አልቀሩላትም፤ ከእኅቷ ጋር የሚሲሲፒን ወንዝ ተሻግራ ቪክስበርግ ከተማ ገባች። በዐሥራ አራት ዓመቷ ሞሰስ ማክዊሊያምስ የሚባል ሰው አገባች፤ በ1885 ሌሊያ የምትባል ሴት ልጅ ወለደች፤ ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆናት ባሏ ሞተ። ይህን የምንጽፈው እኛ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶናል፤ እስካሁን ያስጨነቀን ነገር ቢኖር የመልቀቂያ ፈተና ብቻ ነው።

ወንድሞቿ በሴንት ሉዊስ ከተማ ጠጉር አስተካካዮች ነበሩና ሕፃኗን ይዛ ወደዚያ ሄደች። በዚያ ዘመን ለአንዲት ጥቁር ሴት ከማብሰልና ከማጠብ በቀር ሌላ ሥራ ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነበር። የአጣቢነትም ሥራ ቀላል አልነበረም፤ ውሃ መቅዳት፣ በእሳት ማፍላት፣ እጅ በሚልጥ ሳሙና ማሸት፣ ማስጣት፣ ከዚያም በምድጃ ላይ በጋለ ካውያ መተኮስ። ለዚህ ሁሉ ድካም በቀን የምታገኘው ከአንድ ዶላር ተኩል እምብዛም አይበልጥም ነበር። ከዚያችው ላይ እየቆጠበች ልጇን በኋላ ኖክስቪል ኮሌጅ ድረስ ልካ አስተማረች። እኛ ከሥራዎቿ ሁሉ የበለጠ የምናደንቀው ይህን ነው።

በዚህ መካከል ጠጉሯ ይረግፍ ጀመር። ይህ የእርሷ ብቻ ችግር አልነበረም። በድኾች ቤት የቧንቧ ውሃ ስላልነበረ ጠጉር የሚታጠበው ከስንት ጊዜ አንድ ቀን ነበር፤ ፎረፎሩና የራስ ቆዳ ቁስሉም ብዙ ሴቶችን ያሠቃይ ነበር። ሣራ ብዙ መድኃኒት ሞከረች፤ ለአኒ ተርንቦም፣ ለጥቁር ሴቶች የጠጉር ቅባት ትሠራ ለነበረች ነጋዴ፣ ሻጭ ሆነች። በ1905 ወደ ዴንቨር ሄደች፤ በሚቀጥለውም ዓመት የጋዜጣ ማስታወቂያ ሥራ ያውቅ የነበረውን ቻርልስ ጆሴፍ ዎከርን አግብታ የራሷን ቅባት በስሙ መሸጥ ጀመረች። ከቅባቱ ውስጥ ቫዝሊን፣ ሰምና ድኝ ይገኙበታል። የቅባቱ አሠራር በሕልም እንደ ተገለጠላት ትናገር ነበር። ሆኖም ድኝ ለራስ ቆዳ ሕመም መድኃኒት መሆኑ ቀድሞም የታወቀ ነበር፤ አኒ ተርንቦም ሥራዬን ቀድታብኛለች ብላ ከሳታለች። ይህን ሳንጽፍ ብናልፍ ለአንባቢ ታማኝ አንሆንም።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ስሟ ማዳም ሲ. ጄ. ዎከር ሆነ። ማዳም ማለት እመቤት ማለት ነው። በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ነጮች ጥቁሯን ሴት፣ ሽማግሌም ብትሆን፣ በመጠሪያ ስሟ ብቻ ይጠሯት ነበርና ይህ የማዕርግ ስም ቀላል ነገር አልነበረም። እኛም ከዚህ በኋላ አንቱ እንላቸዋለን።

በ1908 በፒትስበርግ፣ በልጃቸው ስም፣ የጠጉር እንክብካቤ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ በ1910 ኢንዲያናፖሊስ ገብተው ፋብሪካ አቋቋሙ። ከቅባቱ ይልቅ ያበለጸጋቸው አሠራራቸው ይመስለናል። ሠልጥነው የምስክር ወረቀት የተቀበሉ ሴቶች የሣጥኑን ዕቃ ይዘው ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ጠጉር ያጥባሉ፣ ይቀባሉ፣ ይሸጣሉ፤ ትርፉም ከፊሉ የራሳቸው ነው። በዚህ ዓይነት በሺህ የሚቈጠሩ ሴቶች የሰው ቤት ሥራ ትተው በራሳቸው ገቢ መኖር ቻሉ።

በ1912 በቺካጎ የጥቁር ነጋዴዎች ማኅበር ጉባኤ ተደረገ። ሊቀመንበሩ ስመ ጥሩው ቡከር ቲ. ዋሺንግተን ነበሩ። ማዳም ዎከር ለመናገር ፈለጉ፤ ሊቀመንበሩ አልፈቀዱም። አንድ የታወቀ የጋዜጣ ባለቤት ስለ እርሳቸው ቢያሳስብም ዝም ተባለ። በመጨረሻው ቀን ግን አንድ የባንክ ሰው ንግግሩን እንደ ጨረሰ ማዳም ዎከር ሳይጋበዙ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ሊቀመንበሩ በር ሊዘጉባቸው እንደማይገባ ተናገሩ፤ ከየት እንደ ተነሡና በራሳቸው መሬት ላይ ፋብሪካ እስከ ማቆም እንዴት እንደ ደረሱ ለጉባኤው አስረዱ። ዋሺንግተን መልስ ሳይሰጡ ወደሚቀጥለው ተናጋሪ አለፉ። በዓመቱ፣ በ1913፣ ማዳም ዎከር በዚያው ማኅበር ጉባኤ ላይ ተጋብዘው ንግግር አደረጉ፤ ዋሺንግተንም በዚያ ዓመት ወደ ኢንዲያናፖሊስ ሲመጡ በእርሳቸው ቤት በእንግድነት ዐረፉ። የመጡት ለጥቁሮች የተሠራውን የወ.ወ.ክ.ማ. ሕንፃ ለመመረቅ ሲሆን፣ ለዚሁ ሕንፃ ማዳም ዎከር 1,000 ዶላር ሰጥተው ነበር።

በሕይወታቸው ሳሉም ሆነ ከሞቱ በኋላ ብዙ ነቀፌታ ደርሶባቸዋል። በእሳት የጋለ የብረት ማበጠሪያ ጠጉርን ስለሚያለሰልስ፣ ጥቁሯን ሴት ነጭ ለመምሰል አነሣሥተዋል ተባለ። ማበጠሪያውን የፈለሰፉት እርሳቸው አይደሉም፤ ሥራቸውም ጠጉርን ማሳደግና ጤናውን መጠበቅ እንጂ ማለስለስ እንዳልሆነ ይከራከሩ ነበር። ነገር ግን ማበጠሪያውን በትምህርታቸው ውስጥ አስገብተዋል። በእኛ አስተያየት ነቃፊዎቻቸው በከፊል እውነት አላቸው፤ ሆኖም ከነቀፏቸው መካከል ለአንዲት ልብስ አጣቢ ሌላ እንጀራ የሰጠ ስንቱ እንደ ሆነ መጠየቅ እንወዳለን።

በ1917 በኢስት ሴንት ሉዊስ ብዙ ጥቁሮች ተገደሉ፤ ቤታቸውም ተቃጠለ። ማዳም ዎከር ከሃርለም መሪዎች ጋር ለፕሬዚዳንት ዊልሰን አቤት ለማለት ዋሺንግተን ከተማ ድረስ ሄዱ። ፕሬዚዳንቱ በእርሻ ሕግ ሥራ ተይዘዋል ተብለው ሳይቀበሏቸው ቀሩ። በዚያው ወር ሻጮቻቸው የሆኑ ከሁለት መቶ በላይ ሴቶች በፊላዴልፊያ ተሰበሰቡ፤ ሽልማት የተሰጠው ብዙ ለሸጡት ብቻ ሳይሆን ለድኻ ብዙ ለረዱትም ነበር። ጉባኤውም ሰውን ያለ ፍርድ በሕዝብ ሁካታ መግደል እንዲከለከል ለፕሬዚዳንቱ ቴሌግራም ላከ። ይህን ድርጊት በመላው አሜሪካ ወንጀል የሚያደርገው ሕግ የተፈረመው በ2022 ነው።

በ1918 በኒውዮርክ አጠገብ፣ ኧርቪንግተን በተባለ ቦታ፣ ቨርትነር ታንዲ የተባለ ጥቁር መሐንዲስ ያወጣው ንድፍ የተሠራበት ትልቅ ቤት ገቡ። ብዙ ግን አልኖሩበትም። በሜይ 1919 ይህንኑ ግድያ ለሚቃወመው ማኅበር 5,000 ዶላር ለመስጠት ቃል ገቡ፤ በዚያው ወር 25ኛ ቀን በኩላሊትና በደም ግፊት ሕመም በ51 ዓመታቸው ዐረፉ። ሀብታቸው ወደ 600,000 ዶላር ይገመት ነበር።

በኑዛዜያቸው ኩባንያው ምን ጊዜም በሴት እንዲመራ አዘዋል። ልጃቸው ሌሊያ ተተካች፤ እርሷም በ1931 ስትሞት ሜይ የምትባለው የልጅ ልጃቸው ያዘችው። በ1927 በኢንዲያናፖሊስ የተከፈተው፣ ፋብሪካውና ቲያትር ቤቱ አንድ ላይ የነበሩበት ሕንፃ በስማቸው እንደ ተጠራ እስከ ዛሬ አለ።